ወርቅ ናኖ ቅንጣት ላይ ኤምዩኤ ተይዟል? ኤፍቲአይአር ላይ የማየው ፒክ የማን ነው?

ሳባ_ናኖ

ጤና ይስጥልኝ። በሲትሬት የተሠራ የወርቅ ኮሎይድ ላይ ሲትሬቱን በ11-መርካፕቶአንዴካኖይክ አሲድ (ከዚህ በታች ኤምዩኤ እለዋለሁ) ለመተካት እየሠራሁ ነው። ተተክቷል ብዬ ለመጻፍ የሚያስደፍር የኤፍቲአይአር (ሞለኪውልን በሚመጥጠው ኢንፍራሬድ ብርሃን የሚለይ መለኪያ) ስፔክትረም ግን አላገኘሁም።

ወርቁን የሠራሁት 500 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊሞላር ክሎሮኦሪክ አሲድ እየፈላ 50 ሚሊ ሊትር 38.8 ሚሊሞላር ትራይሶዲየም ሲትሬት ባንዴ ጨምሬበት ነው። 10 ደቂቃ ፈላ፤ ካወረድኩት በኋላ 15 ደቂቃ አማሰልኩት። ቀለሙ የወይን ጠጅ ቀይ ነው፤ የፕላዝሞን ፒኩ (ቅንጣቱ አብዝቶ የሚመጥጠው የብርሃን ሞገድ) 519 ናኖሜትር፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ 13 ናኖሜትር አካባቢ።

ለልውውጡ 10 ሚሊ ሊትር ወርቅ ወስጄ ትዊን 20 (ቅንጣቱ እንዳይጠራቀም የሚጠብቅ ሳሙና መሰል ነገር) በሚሊ ሊትር 0.2 ሚሊ ግራም እንዲሆን ጨመርኩበት (ያለ እሱ ወዲያው ሰማያዊ ይሆንብኛል)። ፒኤቹን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 11 አደረስኩት። ከዚያ ኤታኖል ውስጥ የሟሟ 10 ሚሊሞላር ኤምዩኤ 1 ሚሊ ሊትር በጠብታ ጨምሬ እያማሰልኩ አሳደርኩት። በማግስቱ በ13,000 ጂ 30 ደቂቃ አዙሬ በዲአዮናይዝድ ውሃ ሁለት ጊዜ አጠብኩ። ፕላዝሞኑ ወደ 522 ሄደ፤ ቀለሙ አልተበላሸም።

በአልማዝ ኤቲአር (ናሙናው ክሪስታል ላይ ተደርጎ በሚለካበት የኤፍቲአይአር ክፍል) ላይ 20 ማይክሮ ሊትር አድርቄ ያገኘኋቸው ፒኮች (ሁሉም በሴንቲሜትር ሞገድ ቁጥር)፦ 2923፣ 2855፣ 1735፣ 1640፣ 1590፣ 1398፣ እና ሰፊና ጠንካራ 1105። በፖታሲየም ብሮማይድ እንክብልም ሞክሬያለሁ፤ ተመሳሳይ ነው፣ 3400 ላይ ግን ትልቅ ጉብታ አለበት።

ጥያቄዎቼ፦ 1735 የኤምዩኤ ካርቦክሲሊክ አሲድ ነው የሚሉኝ አሉ፤ ትክክል ነው? 2560 አካባቢ የኤስ-ኤች (ድኝ-ሃይድሮጅን) ፒክ አለመኖሩስ ድኝ ከወርቁ ጋር ለመያያዙ በቂ ማስረጃ ነው?

—

አሮጌው_ግሬቲንግ

እህቴ፣ 1735 ያንቺ ኤምዩኤ አይደለም፤ ትዊንሽ ነው። ትዊን 20 የላውሪክ አሲድ ኤስተር ነው፤ የኤስተር ካርቦኒል የሚቀመጠው እዚያው 1735 ላይ ነው። ሰፊው 1105 ደግሞ የዚያው የትዊን የኢተር ሰንሰለት ነው፤ ኤምዩኤ በዚያ ቦታ እንዲህ ጉልበት ያለው ነገር የለውም። 2923 እና 2855 የሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ፣ የትዊኑ ጅራት 12 ካርቦን፣ የኤምዩኤው 11 ነውና። 1640 ውሃ ነው። የቀሩት 1590 እና 1398 ካርቦክሲሌት (ሃይድሮጅኑን ያጣ ካርቦክሲሊክ አሲድ) ናቸው፤ ግን የሲትሬት ካርቦክሲሌት የሚወጣው በዚሁ ሰፈር ነው። የረጅም ሰንሰለት ካርቦክሲሌት ወደ 1555–1560 ዝቅ ይላል። እንግዲህ ከሰባቱ ፒክ አንዱም ለኤምዩኤ ብቻ የሚመሰክር የለም።

ይህ የመሣሪያ ችግር አይደለም፤ የቆጠራ ችግር ነው። ገጽ ላይ ያለውን ለማየት ከመነሳትሽ በፊት ገጹ ላይ ስንት ሞለኪውል እንደሚችል አስዪ። የ13 ናኖሜትር ኳስ ገጽ 531 ካሬ ናኖሜትር ነው። ታዮል (እንደ ኤምዩኤ ኤስ-ኤች ያለው ሞለኪውል) በጠፍጣፋ ወርቅ ላይ በካሬ ናኖሜትር 4.7 ገደማ ይሰፍራል፤ ስለዚህ በአንድ ቅንጣት 2,500 ያህል። አንዱ ቅንጣት 68,000 ገደማ የወርቅ አቶም አለው፤ ያንቺ ወርቅ 0.91 ሚሊሞላር ስለሆነ የቅንጣቱ መጠን 13.4 ናኖሞላር ይሆናል። (በዩቪ-ቪዝ፣ ማለትም ናሙናው ምን ያህል ብርሃን እንደሚመጥጥ በሚለካው መሣሪያ፣ ለማመሳከር፦ ለ13 ናኖሜትር 520 ላይ የሚወሰደው የሞላር መምጠጫ 2.7 ሲባዛ 10 በ8 ከፍ ሲል ነው፤ ኮሎይድሽን 5 እጥፍ አቅጥነሽ 0.72 ካነበብሽ ልክ ነሽ።) 13.4 ናኖሞላር በ2,500 ሲባዛ 33 ማይክሮሞላር። ሙሉ በሙሉ ቢሸፈን እንኳ ገጹ ላይ ያለው ኤምዩኤ ይህ ነው።

አሁን ጎኑ ያለውን ተመልከቺ። ሲትሬቱ ሲጀመር 3.5 ሚሊሞላር ነበር፤ ገጹ ላይ ካለው አንድ ሞለኪውል ጋር አንድ መቶ በውሃው ውስጥ ይዋኛሉ። የጨመርሽው ኤምዩኤ 0.91 ሚሊሞላር ነው፣ ወደ 30 እጥፍ። ትዊኑን በክብደት እንየው፦ ገጹ ላይ ያለው ኤምዩኤ በሚሊ ሊትር 7 ማይክሮ ግራም፣ ትዊኑ 200። ኤፍቲአይአር ገጽና ውሃ ብሎ አይለይም፤ ጠብታው ላይ የደረቀውን ሁሉ ያነባል።

ስለ እጥበቱ። በ1.5 ሚሊ ሊትር ቱቦ አዙረሽ ከላይ ያለውን ጠርገሽ ብታነሺ 60 ማይክሮ ሊትር ያህል ከዝቃጩ ጋር ይቀራል፤ ስለዚህ አንድ እጥበት 25 እጥፍ ይቀንሳል። ሁለት እጥበት ሲትሬቱን ከ3.5 ሚሊሞላር ወደ 5.6 ማይክሮሞላር ያወርደዋል፣ ከገጹ 33 ጋር ሲነጻጸር ገና ቀላል አይደለም። ሦስተኛው ወደ 0.2 ያደርሰዋል። ትዊን ግን በዚህ ሒሳብ አይገዛም፤ ከፊሉ ቅንጣቱ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ ውሃ ብቻውን አያነሳውም።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ በዲአዮናይዝድ ውሃ ማጠብሽ ነው። ኤምዩኤ በአልካላይን ውሃ ይሟሟል እንጂ ፒኤች 6 ላይ በደንብ አይሟሟም። ፒኤቹ ሲወርድ ያልተያያዘው ኤምዩኤ ራሱ ይዘቅጣል፤ ከዚያ ከወርቁ ጋር አብሮ ይወርዳል። ታጠበ ስትዪው ገጹ ላይ ያልሆነውን እያከማቸሽ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት እጥበቶች 1 ሚሊሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ባለበት ውሃ አድርጊ። ለኤፍቲአይአር ብቻ የሚሆነውን ክፍል ለይተሽ ሦስተኛውን በእኩል ለእኩል ኤታኖልና በዚያው አልካላይን ውሃ እጠቢው፤ ትዊኑን የሚያነሳው ይህ ነው። ኤታኖል ሲገባበት ቅንጣቱ ሊጠራቀምና ሊጠቁር ይችላል። ለስፔክትረም የሚውል ናሙና ስለሆነ ግድ የለም፤ መልሰሽ ለሌላ ሥራ አትጠቀሚበት እንጂ።

የማጣሪያ ቱቦ (ሴንትሪፊውጅ ውስጥ የሚገባው) ልጠቀም ካልሽ ሜምብሬኑ ብዙ ጊዜ በግሊሰሪን የተነከረ ነው፤ መጀመሪያ በ0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ቀጥሎ በውሃ አጥቢው። ካላጠብሽው 1040 እና 1110 ላይ ግሊሰሪኑን ታገኚዋለሽ፤ ያኔ ደግሞ እሱን ትዊን ትዪዋለሽ።

—

ጠብታ

የአሮጌው_ግሬቲንግ ቆጠራ ላይ የምጨምረው የለኝም። ኤቲአሩ ላይ ግን ጥቂት ነገሮች አሉ።

20 ማይክሮ ሊትር ባንዴ ማድረቅ የቡና ስኒ ቀለበት ይሠራል፤ ወርቁ ዳር ዳር ይሰበሰባል፣ ብርሃኑ የሚነካው መሃል ባዶ ይቀራል። ሙሉውን 10 ሚሊ ሊትር አጥበሽ ወደ 100 ማይክሮ ሊትር ሰብስቢው። ከዚያ 5 ማይክሮ ሊትር ጠብ አድርጊ፣ በናይትሮጅን ንፋስ አድርቂ፣ ሁለተኛ ጠብ አድርጊ፣ አድርቂ። 5 ማይክሮ ሊትሩ 90 ማይክሮ ግራም ወርቅ ይይዛል፤ ሁለት ሦስት ጠብታ 2 ሚሊ ሜትር በሚጠጋ ክሪስታል ላይ ጥቂት ማይክሮሜትር ውፍረት ይሰጣል። በአልማዝ ላይ ብርሃኑ ወደ ናሙናው የሚዘልቀው 1000 ላይ 2 ማይክሮሜትር፣ 1600 ላይ 1.25 ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ መከመር ጥቅም የለውም።

የአልማዝ ኤቲአር ከ1900 እስከ 2300 ራሱ ብርሃን ስለሚመጥጥ እዚያ ያለውን አትመኚው። ክሪስታሉ ዚንክ ሴሌናይድ ከሆነ ግን አሲድ በምንም ዓይነት አታስነኪው፤ ሃይድሮጅን ሴሌናይድ መርዝ ነው፣ ክሪስታሉም ይበላል።

ፖታሲየም ብሮማይዱን ተዪው። እርጥበት ይስባል፤ 3400 ላይ ያየሽው ጉብታ እሱ ነው፣ 1640ውም ከፊሉ። በተረፈ ብሮማይድ ወርቅ ገጽ ላይ መቀመጥ የሚወድ አኒዮን ነው። ገጹን ላጠና ብለሽ ገጹን የሚነካ ጨው ውስጥ መፍጨት ምን ይሉታል?

ኤስተሩን ከአሲዱ ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። የታጠበውን ኮሎይድ ሁለት ቦታ ክፈዪው። አንዱን እንዳለ፣ በፒኤች 10 አካባቢ፣ አድርቀሽ ለኪ። ሁለተኛውን በጥቂት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ወደ ፒኤች 3 አውርጂው፤ ይዘቅጣል፣ በዝግታ አዙሪ፣ ዝቃጩን አንድ ጊዜ በውሃ አለቅልቀሽ አድርቀሽ ለኪ። የኤምዩኤ ከሆነ 1558 አካባቢ ያለው ካርቦክሲሌት ይደክምና 1700–1715 ላይ አዲስ ካርቦኒል ይነሳል። ትዊኑ 1735 ላይ በአሲዱም በአልካሊውም ንቅንቅ አይልም። ሲትሬትም በአሲድ ወደዚያው 1700 ሰፈር ስለሚሄድ ይህን ብቻ ይዘሽ አትፍረጂ፤ ከ2850–2920 ሰንሰለቱ ጋር አብረሽ አንብቢው። የሲትሬት ሲኤች2 ከካርቦክሲሉ ጋር ሲነጻጸር በጣም ደካማ ነው፤ ካርቦክሲሉ እያለ ሰንሰለቱ ጉልህ ከሆነ ኤምዩኤ ነው የሚያሰኘው፣ ትዊኑ መውጣቱ ከተረጋገጠ በኋላ ማለት ነው።

የሰንሰለቱ ቦታ ራሱ ወሬ ይሰጣል። 2918 እና 2850 ከሆነ ሰንሰለቶቹ ቀጥ ብለው ተደርድረዋል፤ 2924 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ተዝረክርከዋል። አንቺ ጋ ያለው 2923 ትዊን ስለተቀላቀለበት አሁን አይነበብም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የደረቀ ወርቅ ተራ ናሙና አይደለም። ቅንጣቶቹ ሲጠጋጉ የገጹን ፒክ ያጎላሉ፣ ቅርጹንም ያዛባሉ፤ አንድ ወገኑ ወደ ታች የተጠመዘዘ ፒክ ካየሽ ቤዝላይኑን ለማረም አትድከሚ፣ የወርቁ ፀባይ ነው። በዚህ ምክንያት ከደረቀ ወርቅ የፒክ ቁመት ተነስቶ መጠን ማስላት አይቻልም። አለ ወይስ የለም ለማለት ብቻ ነው።

—

ሳባ_ናኖ

ጋሼ አሮጌው_ግሬቲንግ፣ ጠብታም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ኤስ-ኤች ግን አልመለሳችሁልኝም። ሌላው፣ ኤክስፒኤስ (አቶሙ ከምን ጋር እንደተያያዘ በኤክስሬይ የሚያሳይ መሣሪያ) የለንም፤ ያለን ዩቪ-ቪዝ እና ባለ 532 እና 785 ናኖሜትር ሌዘር ራማን ማይክሮስኮፕ (ከሞለኪውል ተበትኖ የሚመለሰውን ሌዘር የሚያነብ) ነው። በዚህ ብቻ በቅንጣት ስንት ኤምዩኤ እንዳለ መናገር ይቻላል? ጨው ጨምሬ መረጋጋቱንም አይቻለሁ፤ 100 ሚሊሞላር ሶዲየም ክሎራይድ ላይ ቀለሙ አልተለወጠም።

—

ሚሊሞላር

የጨው ፈተናሽ ያለፈው ምናልባት በትዊኑ ነው። ትዊን የተለጠፈበት የሲትሬት ወርቅ ኤምዩኤ ሳይኖረውም ጨው ይችላል። ትዊን ብቻ ያለበት፣ ኤምዩኤ ያልገባበት ናሙና ጎን ለጎን ካላቆምሽ ያ ፈተና ምንም አይናገርም። የፕላዝሞኑ 3 ናኖሜትር መሄድም እንዲሁ ነው፤ ትዊን ብቻውን ትንሽ ወደ ቀይ ይገፋዋል። ይህን መቆጣጠሪያ ናሙና አሁኑኑ ሥሪ፤ ለኤፍቲአይአሩም ያገለግልሻል።

መጠኑን በዩቪ-ቪዝ ብቻ መናገር ይቻላል። ኤልማን በ1959 ያወጣው ዘዴ ነው፦ ዲቲኤንቢ የተባለው ኬሚካል ነፃ ታዮል ሲያገኝ 412 ናኖሜትር ላይ የሚነበብ ቢጫ ይሰጣል፤ የሞላር መምጠጫው 14,150 ነው። ገጹን ራሱን ሳይሆን ገጹ የወሰደውን ነው የምትለኪው፤ ካስገባሽው ላይ ውሃው ውስጥ የቀረውን ትቀንሻለሽ።

አሁን ባለሽ አሠራር ግን አይሆንም። 910 ማይክሮሞላር አስገብተሽ ገጹ 33 ቢወስድ ልዩነቱ 3.6 በመቶ ነው፤ የፒፔት ስህተት ይበልጠዋል። ለዚህ መለኪያ ብቻ ኤምዩኤውን 100 ማይክሮሞላር አድርጊው። ያኔ ሲሶው ይጠፋል፣ በዓይን የሚታይ ልዩነት ነው። ትዊኑ ለዚህ ምላሽ እንቅፋት አይሆንም፤ ቅንጣቱን እንዲጠብቅልሽ ይቆይ።

ሦስት ቱቦ ያስፈልግሻል። አንደኛው ወርቅ፣ ትዊን፣ ኤምዩኤ። ሁለተኛው ወርቅ በሌለበት ያው ትዊንና ኤምዩኤ፣ በተመሳሳይ ፒኤች፣ ለተመሳሳይ ሰዓት ያደረ፣ አብሮ የዞረ። ሦስተኛው ወርቅና ትዊን ብቻ። ሁለተኛውን አትዝለዪው፦ ታዮል ፒኤች 11 ላይ በአየር እየተቃጠለ ዳይሰልፋይድ (ሁለት ታዮል በድኛቸው የተጣመሩበት) ይሆናል፣ ዳይሰልፋይድ ደግሞ ለዲቲኤንቢ አይታይም። ትናንት ያዘጋጀሽውን 100 ዛሬም 100 ነው ብለሽ ከወሰድሽ አየር የበላውን ወርቅ ወሰደው ትያለሽ። ሦስተኛው ሳይዘቅጥ የቀረ ወርቅ 412 ላይ የሚጨምረውን ለመቀነስ ነው፤ ከወርቁ 1 በመቶ ብቻ ቢቀር ሳይቀጥን 0.02 ያህል ያነባል።

መፍትሄው፦ 0.1 ሞላር ፎስፌት በፈር፣ ፒኤች 8፣ 1 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ ያለበት (ኢዲቲኤው መዳብና ብረት ታዮሉን እንዳያቃጥሉ ይይዛል)። ዲቲኤንቢ በዚሁ በፈር 10 ሚሊሞላር፣ ማለትም በሚሊ ሊትር 4 ሚሊ ግራም፣ በዕለቱ የተዘጋጀ። ቱቦዎቹን በ15,000 ጂ 40 ደቂቃ አዙሪ። ከላይ ካለው ጠራ ውሃ 200 ማይክሮ ሊትር አንሺ፣ ዝቃጩን ሳትነኪ። 750 በፈር፣ 50 ዲቲኤንቢ ጨምሪ፣ 15 ደቂቃ ጠብቂ፣ 412 ላይ አንብቢ። ባዶው ኩቬት ዲቲኤንቢውም ይኑርበት፤ ራሱ ትንሽ ቢጫ ነው። በፈሩ ደካማ ሆኖ የናሙናው አልካሊ ፒኤቹን ከፍ ካደረገው ዲቲኤንቢ ያለ ታዮል ብቻውን ቢጫ ይሆናል፤ ከበፈሩ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ አንድ ጊዜ በፒኤች ወረቀት እይው።

ቁጥሩ እንዲህ ይሄዳል። ወርቅ የሌለበት ቱቦ 0.283 ቢያነብ፣ ባለ ወርቁ (ሦስተኛው ከተቀነሰለት በኋላ) 0.189 ቢያነብ፣ ልዩነቱ 0.094 ነው። በ14,150 ሲካፈል 6.6 ማይክሮሞላር፤ 5 እጥፍ ቀጥኖ ነበርና 33። በ13.4 ናኖሞላር ሲካፈል 2,480 በቅንጣት፣ በካሬ ናኖሜትር 4.7። 3 ካገኘሽ ሽፋኑ አልሞላም። 5 ወይም 6 ብታገኚ አልደነግጥም፤ ጥምዝ ገጽ ከጠፍጣፋው ትንሽ ይበልጥ ይይዛል። 10 ካገኘሽ ግን ኤምዩኤው ዘቅጧል፣ ወይም ተቃጥሏል፤ ገጽ ላይ አይደለም።

ዝቃጩን መልሰሽ በቀጥታ ዲቲኤንቢ አትጨምሪበት፤ ዲቲኤንቢ ራሱ ወርቅ ላይ ይያያዛል።

—

አሮጌው_ግሬቲንግ

የኤስ-ኤቹን ነገር ሳልመልስ ቀረሁ፣ ይቅርታ። 2550–2570 ላይ ያለው የኤስ-ኤች ፒክ በኢንፍራሬድ እጅግ ደካማ ነው። ንጹሑን የኤምዩኤ ዱቄት ኤቲአሩ ላይ አድርጊና እይው፤ እዚያ ራሱ ፈልገሽ ነው የምታገኚው። በወርቁ ናሙና ውስጥ ኤምዩኤው ከወርቁ ክብደት 4 በመቶ ቢሆን ነው፤ ስለዚህ የፒኩ አለመታየት ድኙ ተያያዘ ማለትም፣ ፒኩ ከኖይዙ በታች ነው ማለትም፣ ዳይሰልፋይድ ሆኗል ማለትም ይሆናል። ሦስቱን አይለይም። ወረቀት ላይ 'የኤስ-ኤች መጥፋት የወርቅ-ድኝ ትስስርን ያረጋግጣል' የሚል አረፍተ ነገር ሞልቷል፤ የንጹሑን ስፔክትረም በዚያው መጠን ጎን ለጎን ካላስቀመጠ አትቀበዪው።

በራማን ኤስ-ኤች ይሻላል፣ ግን ኤምዩኤ ለራማን ምቹ ሞለኪውል አይደለም። የሚጠበቀው የሲ-ኤስ ንዝረት ነው፣ 700–710 ሰንሰለቱ ድኙ አጠገብ ቀጥ ሲል፣ 630–640 ሲታጠፍ፤ ሁለቱም ደካሞች ናቸው። የእርስ በርስ መጠጋት የሌለበት 13 ናኖሜትር ወርቅ በ785 ሌዘር ምንም ያህል አያጎላም። ሲግናል ለማግኘት ሶዲየም ክሎራይድ ጨምረሽ ማጠራቀም ይኖርብሻል፣ ያኔ ደግሞ የምታዪው በሁለት ቅንጣት መካከል የተጨመቁትን ጥቂት ሞለኪውሎች እንጂ ገጹን በሙሉ አይደለም። ክሬይተንና ባልደረቦቹ በ1979 ብርና ወርቅ ሶል ላይ ፒሪዲን ሲያዩ ጉልበቱ ከቅንጣቱ ፕላዝሞን ጋር እንደሚሄድ አሳይተዋል፤ ፕላዝሞንሽ 522 ላይ ቆሞ በ785 ጎልቶ እንዲታይሽ አትጠብቂ። 532ቱ ለፕላዝሞኑ ቢቀርብም ወርቅ በዚያ ቀለም ራሱ ብርሃኑን ብዙ ይመጥጣል፣ ይሞቃል።

ራማኑን የግድ ልጠቀም ካልሽ አሠራሩን መጀመሪያ በ4-መርካፕቶቤንዞይክ አሲድ ፈትሺው፤ 1075 እና 1587 ላይ በግልጽ ይወጣል። እነሱ ካልመጡ የኤምዩኤውን ዝምታ በሞለኪውሉ አታሳብቢ። በማይክሮስኮፕ ስትለኪ ናሙናው ላይ የሚያርፈውን ኃይል ከ1 ሚሊዋት በታች አድርጊ። 1350 እና 1580 ላይ ሁለት ሰፋፊ ጉብታዎች ካየሽ የተቃጠለ ካርቦን ነው፤ ቦታ ቀይሪ፣ ኃይሉን ቀንሺ። ስንቱ ሰው ያንን ጉብታ 'ካርቦክሲሌት' ብሎ እንደሰየመው እግዜር ይቁጠረው።

ኤክስፒኤስ ያለበት ቦታ ናሙና የመላክ ዕድል ከመጣ ጥያቄሽን በቀጥታ የሚመልሰው እሱ ነው። ከወርቅ የተያያዘ ድኝ ኤስ 2ፒ (የድኝ ፒክ) 162 ኤሌክትሮን ቮልት ላይ፣ ያልተያያዘ ታዮልና ዳይሰልፋይድ 163.5–164፣ ኦክሳይድ የሆነ ድኝ 167–169። ፒኩ ጥንድ ነው፣ በ1.18 ተራርቆ፣ 2 ለ1 ቁመት ያለው፤ በአንድ ጉብታ አያስገጥሙልሽ። ሲሊከን ላይ ስስ አድርገሽ ካስቀመጥሽው የሲሊከኑ 2ኤስ የፕላዝሞን ኪሳራ 168 አካባቢ ይወጣና ድኙ የተቃጠለ ያስመስለዋል። ወርቁን ሲሊከኑ እስኪሸፈን አወፍሪው። ወርቁ ራሱ 4ኤፍ 84.0 ላይ ስለሚወጣ ለማመሳከሪያ ያገለግልሻል።

ርካሽ ፈተና ደግሞ ልንገርሽ። ትዊን ከወጣ በኋላ ለኮሎይዱ ጠብታ አሲድ ስጪው፣ ፒኤች 3 ላይ ሐምራዊ ይሆናል፤ ወዲያው በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወደ 10 መልሺው። ኤምዩኤ የያዘው በአብዛኛው ወደ ቀይ ይመለሳል። ሲትሬት ብቻ ያለው ተያይዞ ይቀራል። በዩቪ-ቪዝ 650 ላይ ያለውን ለ520 አካፍለሽ ከመጀመሪያው ጋር አወዳድሪው።

—

ሳባ_ናኖ

ሁለቱን እጥበት በ1 ሚሊሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ሦስተኛውን በኤታኖሉ፣ ከዚያ ለመሰብሰቢያ 100 ማይክሮ ሊትር የዚያኑ አልካላይን ውሃ ተጠቅሜ ደገምኩት። 1735 እና 1105 ጠፍተዋል፤ ትዊን ብቻ ባለው መቆጣጠሪያ ላይም በዚያው እጥበት ሄደዋል። አሁን ያለው፦ 2921፣ 2851፣ 1558፣ 1410 እንደ ትከሻ፣ ከጎኑ ሰፊ 1440፣ እና 880 ላይ ትንሽ ግን ስለታም ፒክ። በአሲድ ያዘቀጥኩት ክፍል ላይ 1558 ወርዶ 1708 ተነስቷል፣ 1440 እና 880 ደግሞ እዚያ የሉም። ሁለቱ የምን ናቸው? ኤልማኑን ነገ እጀምራለሁ።

—

ጠብታ

ካርቦኔት ነው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ጠብታው እየደረቀ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወሰደ። የሚመሰክርብሽ 880ው ነው፤ ካርቦክሲሌት እዚያ ቦታ እንዲህ ያለ ስለታም ፒክ የለውም። በአሲዱ ክፍል ላይ የጠፋውም ለዚሁ ነው፣ ካርቦኔቱ ጋዝ ሆኖ ሄደ።

እጥበቱን በአልካሊ ቀጥዪበት፤ የመጨረሻውን 100 ማይክሮ ሊትር ብቻ አፍልተሽ ባቀዘቀዝሽው ንጹሕ ውሃ አድርጊው። እስከዚያ ነፃው ኤምዩኤ ስለወጣ የሚዘቅጥ አይኖርም። ቅንጣቱ በንጹሕ ውሃ አልቆም ካለሽ 1 ሚሊሞላር አሞኒያ ተጠቀሚ። አሞኒየም ራሱ ከ1400 እስከ 1450 ባለው ብርሃን ይመጥጣልና በናይትሮጅን ሥር በደንብ እስኪደርቅ ጠብቂ፤ አሞኒያው ሲተን ከካርቦክሲሌቱ ከፊሉ ወደ አሲድ ይመለስና 1708 ላይ ትንሽ ጉብታ ይሰጥሻል፣ እሱን እንደ ብክለት አትቁጠሪው። የአልካሊ ጠርሙስሽንም ዛሬ በተፈላ ውሃ አዲስ አዘጋጂው፤ ክፍት የቆየ ከሆነ ለነገው ኤልማንም ፒኤቹ እንዳሰብሽው አይሆንም።